አንድ እግር ደረጃ ላይ

አገልግሎቱ እስኪሻሻል ድረስ ልጄን ከሕፃናት ማቆያ ለመውሰድ አርፍጄ አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው። ከሥራ እወጣለሁ፣ አሮጌው አውቶቡስ ውስጥ የሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ እቆማለሁ፣ ወርጄ የሰፈራችንን አሥራ አራት ቁጥር እሳፈራለሁ። አሥራ አራት ቁጥር ያን ጊዜ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሲሞላ ይነሳል። እኛ ስንገባ ይሞላል፣ ሲሞላ እንሄዳለን፣ ማቆያው በሩን ሳይዘጋ ልጄን አቅፌያለሁ። ከዚያ ፈጣኑ አውቶቡስ መጣና የሞላው ኑሮዬ ተበጠበጠ።

ፈጣኑን አልሰድበውም። የራሱ መስመር አለው፣ መሐል መንገድ ላይ ማንም አይገባበትም፣ ድሮ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረውን በግማሽ ሰዓት ያደርሰኛል። ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሚቀጥለውን ጣቢያ የምትነግረው ሴት ድምጿ ራሱ ጫማህን ጠርገህ ግባ የሚል ይመስላል። ችግሩ የሚያወርደን ስድስት መኪና ጎን ለጎን ከሚነዳበት መንገድ መሐል ላይ መሆኑ ነው። አሥራ አራት ቁጥር ደግሞ የሚቆመው ከመንገዱ ዳር ነው። በሁለቱ መካከል የእግረኛ ድልድይ አለ፤ ሠላሳ ሁለት ደረጃ ሽቅብ፣ ሠላሳ ሁለት ደረጃ ቁልቁል። ፈጣኑ የሚደርሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው። የአሥራ አራት ቁጥርንም በአዲሱ ሰሌዳ መሠረት ሰዓት ሰጡት። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ይነሳል።

ቀጣዩ የሚነሳው አርባ ደቂቃ ቆይቶ ነው። ማቆያው የሚዘጋው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

በተሻሻለው አገልግሎት የመጀመሪያ ሳምንት ሁለቴ አረፈድኩ። ሁለቴም የማቆያው ዳይሬክተር ልጄን ቦርሳዋን አሸክማ፣ ራሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ከተቆለፈ በር ውጪ ቆመው አገኘኋቸው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እሷም የምትሄድበት ቤት አላት።

"ሁለት" አለችኝ በሁለተኛው ቀን። "ሦስተኛው ከመጣ ቦታዋ ተራ ለሚጠብቅ ልጅ ይሰጣል። አርባ ልጅ ተመዝግቦ ይጠብቃል። እኔን አትውቀሺኝ።"

ሌላ ማቆያ የለም። እናቴ በሕይወት የለችም። የልጄ አባት ጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ይልና እሷን ትከሻው ላይ አዙሮ፣ ካልሲውን ለእኔ ጥሎ ይሄዳል። እኔ የምሠራው በአንድ ሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል፣ ካውያ ላይ ነው። ልጄ ቦታዋን ካጣች እኔ ሥራዬን አጣለሁ፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ለጥቂት ቀን ምሳዬን ትቼ እየተኮስኩ ቀደም ብዬ ወጣሁ። አለቃዬ ስትሰማ "የእንግዶች አንሶላ ባንቺ ልጅ ሰዓት አይታጠፍም" ብላ ከመጪው ወር ጀምሮ ከለከለችኝ። ወደ ሰፈራችን ታክሲ አይገባም፣ መንገዱ መኪና ይሰብራል ይላሉ። በእግር አንድ ሰዓት ዳገት ነው።

እኔ ደግሞ ነገር ውጦ የማደር ተሰጥኦ የለኝም። እረፍቴን ጠብቄ የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

የጊዜ ሰሌዳ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የተቀበለኝ የሰሌዳው አውጪ ከረባት ያሰረ፣ ጠረጴዛው ላይ አቧራ የማያሳርፍ፣ እርሳሶቹን በቁመት የደረደረ ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። ለጠብ እንደ መምጣቴ ሊሰድበኝ ወይም ሊያባርረኝ ይገባ ነበር፤ ትሕትናው ቆሽቴን አሳረረው።

"የትኛው መገናኛ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ በራ።

"እንዴ! እርስዎማ ዕድለኛ ነዎት!" ብሎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ወሰደኝ። ቀይ መስመር አለ፣ ሰማያዊ መስመር አለ፣ ሁለቱ የሚነካኩበት ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። ጣቱን ነጥቧ ላይ አሳረፈ። "ፈጣኑ የሚደርሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። የሰፈሩ የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። የመጠበቂያ ጊዜ፣ ዜሮ! ከሃምሳ ስምንት መገናኛዎች ዜሮ ማምጣት የቻለችው ይህቺ ብቻ ናት። ሌላው ቦታ ሕዝቡ ስድስት ደቂቃ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል፣ ያሳዝናል።" አጠገቧ በመስታወት የተቀመጠ የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል። በዜሮዋ ነው የተሸለመው።

"ጌታዬ" አልኩት፣ በተቻለኝ መጠን ለስልሼ፣ "በዜሮ ደቂቃ ድልድይ የሚሻገር ሰው አይተው ያውቃሉ?"

"የትኛው ድልድይ?"

መነጽሩን አድርጎ ነጥቧን ቀረብ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ድልድይ የመንገዶች ጉዳይ ነው፣ እነሱ ሌላ ሕንፃ ላይ ናቸው። እኛ ጋ ነጥብ ነው። ለማንኛውም አስተያየትዎ ተመዝግቧል" አለና በእርሳሱ አንድ መስመር ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ዘንድ ስሙ አቶ ዜሮ ሆነ።

የቀረኝ ሰው የአሥራ አራት ቁጥር ሹፌር ነበር። እሱን ሰፈሩ ሁሉ "ደቂቃ" ነው የሚለው። ሲሞላ ይነሳ በነበረበት ዘመን እንኳ መነሻውን በደብተር የሚጽፍ ሰው ነው። አዲሱ ሰሌዳ ሲመጣ እንደ ሎተሪ የወጣለት ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ሲል በሩን ይዘጋል፤ እኛ ሃያ ምናምን ሰዎች ከድልድዩ እየተንከባለልን ስንወርድ የምናየው የአውቶቡሱን ኋላ ነው። ሰሌዳ ወይም ደንብ የጣሰ ሹፌር ቀይ ምልክት ይያዝበታል፣ ደቂቃ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀይ ምልክት የለበትም። ደረት ኪሱ ውስጥ የደንብ መጽሐፍ አለች፤ ሌላው ሰው የሚስቱን ፎቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ መሆኑ ነው።

አንድ ጠዋት ልጄን አድርሼ ከጎኑ ቆሜ ከሰፈር እስከ ድልድዩ ድረስ አወረድኩበት። ልብ የለህም፣ እናት አልወለደችህም፣ ሰው ሲሮጥ እያየህ እንዴት ጋዝ ትረግጣለህ፣ ያልቀረኝ የለም። እሱ ይነዳል። አንዴ ብቻ እጁን ከመሪው ሳያነሳ ከበላዩ ያለውን ጽሑፍ በአገጩ ጠቆመኝ፦ መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሹፌሩን ማናገር ክልክል ነው።

ፌርማታው ላይ ስንቆም ሞተሩን አጠፋና ዞረ።

"አሁን ቆመናል። እህቴ፣ ደንቡን አንብበሽ ታውቂያለሽ?"

"ደንብህን እዚያው…"

"አንቀጽ ሃያ ሦስት" አለ፣ ስድቤን ከአፌ ነጥቆ። መጽሐፏን አላወጣትም፣ በቃሉ ነው። "'የአንድ ሰው እግር ደረጃው ላይ እያለ በር አይዘጋም። ይህም ጊዜ በመሳፈሪያነት ይመዘገባል እንጂ በሹፌሩ ላይ አይቆጠርም።'" ዳሽቦርዱ ላይ ያለች አረንጓዴ ቁልፍ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "ለዚህ ነው ይህቺ ያለችው። እኔ ምንም አላልኩሽም። ውረጂ፣ ሰዓት ደርሷል።"

ወርጄ ቆምኩ። አውቶቡሱ ሄዶ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ አንቀጽ ሃያ ሦስትን በአእምሮዬ ሳገላብጣት ቆየሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ብቻዬን መንገድ ዳር ቆሜ እንደ እብድ ሳቅኩ።

ፌርማታው አጠገብ ጥላ ዘርግቶ የሚውል ጫማ ሰፊ አለ። ሳቄን አይቶ ምን ተገኘ አለኝ። ነገርኩት። መርፌውን ከቆዳው ላይ ነቅሎ "እግር ነው የምትፈልጊው?" አለ። "እግርማ የእኔ ሥራ ነው።"

ሁለተኛዋ እትዬ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለው ጡረታ የወጡ፣ በየማታው ከእህታቸው ቤት በአሥራ አራት ቁጥር የሚመለሱ፣ ቲያትር ቤት ቢገቡ ኖሮ ሌሎቹን ተዋንያን ሥራ የሚያስፈቱ ሴት። እሳቸው ከድልድዩ ማዶ አይመጡም፤ አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄዶ አያውቅም። ነገሩን ግን በግማሽ ቃል ነው የያዙት።

"የኔ ልጅ" አሉኝ፣ "አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን ቶሎ በይ፣ ግፊ፣ ቶሎ በይ ስል ነው የኖርኩት። እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ልዘግይ።"

ተራ አወጣን። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጫማ ሰፊው ሳጥን ክዳን ውስጠኛው በኩል ተለጥፏል። ሰኞና ሐሙስ እትዬ አዋላጅ በጉልበታቸው። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ ያሳርፋሉ፣ የበሩን ብረት ይይዛሉ፣ "እህህ" ይላሉ፣ እዚያው ይቀራሉ። ማክሰኞ ጫማ ሰፊው ራሱ። ሲረግጥ ጫማው ይወልቃል፣ ያነሳዋል፣ ያጠልቀዋል፣ ሌላኛው ይወልቃል። የሰፈሩን ሰው ጫማ ሁሉ የሚሰፋ ሰው የራሱ ጫማ እግሩ ላይ አይቆይም። ረቡዕ አንዲት ጥቅል ተሸካሚ ሴት፤ ይሄ አውቶቡስ ወዴት ነው ብላ ትጠይቃለች፣ ይነገራታል፣ አታምንም። ዓርብ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን የተሳፋሪዎች መመሪያ ከነነጠላ ሰረዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ከድልድዩ የመጨረሻው ሯጭ ወርዶ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው መዶሻውን ሳጥኑ ላይ ሁለቴ ያሳርፋል፣ ጉልበት ይድናል፣ ጫማ ይገባል፣ እንሄዳለን።

ደቂቃ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ እንደ ለቀስተኛ ይቀመጣል። አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጭኖ "እባካችሁ ቶሎ ቶሎ" ይላል፣ ምንም ችኮላ በሌለው ድምፅ። ከእኛ ጋር ስቆ አያውቅም። አንድ ማክሰኞ ግን ጫማ ሰፊው ሦስተኛ ጫማ ያለው ይመስል ሲጎነበስ የደቂቃ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ልጄን አንድ ቀን አላረፈድኩባትም። ቀስ ብዬ ድልድዩን መውረድ፣ እንደ ሰው መተንፈስ ጀመርኩ። ያልገመትነው ነገር አረንጓዴዋ ቁልፍ የምትመዘግበውን ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እንደምትልከው ነው።

መሥሪያ ቤቱ ቁጥሩን አየ፦ በእኛ ፌርማታ ተሳፋሪ ለመሳፈር በአማካይ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። በቀረው የከተማው ፌርማታ ሁሉ አርባ ሴኮንድ ነው። እንግዲህ ተመራማሪዎቹ ተሰብስበው፣ መክረው፣ የደረሱበት መደምደሚያ ይሄ ነው፦ በዚያ ሰፈር የሚኖረው ሕዝብ ደካማ ነው። አንድ ጠዋት ሠራተኞች መጡና ፌርማታው ላይ መደገፊያ ብረት ተከሉ። በሳምንቱ ሁለተኛ መደገፊያ ተከሉ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ አንዲት አሮጊት ተደግፈው ሲሳፈሩ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል፣ ከሥሩ "አቅመ ደካሞችን እንርዳ" የሚል።

"ሁለት ወር ብንጨምር ሐኪም ይመድቡልናል" አለ ጫማ ሰፊው።

ሥዕሉ ግን ጎዳን። መንገደኛው ሁሉ ደግ ሆነብን። እትዬ አዋላጅ እግራቸውን ደረጃው ላይ ሲያሳርፉ አንዱ ከኋላ ብብታቸውን ይዞ ሊያነሳቸው ይመጣል። "ተወኝ ልጄ፣ በራሴ!" ብለው ይቆጣሉ። አንዱን በቦርሳቸው መተውታል። ደግነት እንዲህ የሚያስቸግር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አንድ ሐሙስ አቶ ዜሮ አራቱን ደቂቃ ሊለካ ራሱ መጣ። ያን ቀን የሆነውን ከፊሉን በዓይኔ አየሁ፣ ቀሪውን እትዬ አዋላጅ ከነእንቅስቃሴው ነግረውኛል።

ያን ቀን ፈጣኑ ራሱ ዘገየ። የተበላሸ የውሃ ቦቴ በመስመሩ ላይ ገብቶ ቆሞ፣ አራት ደቂቃ ያህል አቁሞን ነበር። ውስጥ ቆሜ ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ። ዳይሬክተሯ በዚያው ሳምንት "አንድ ቀርቶሻል፣ አስታውሺ" ብላኛለች፤ ተራ የሚጠብቀው ልጅ እናትም በሩ ላይ ቆማ ልጄን ከላይ እስከ ታች አይታታለች። እትዬ አዋላጅ አራት ደቂቃ መቆም ይችላሉ። ስምንት ደቂቃ ግን የማንም ጉልበት አይታመምም።

በሩ ሲከፈት ዘልዬ ወጣሁ። ሠላሳ ሁለቱን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ደርሼ ቁልቁል ሳይ አሥራ አራት ቁጥር አለ! እትዬ አዋላጅም አሉ፤ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ እጃቸው ብረቱ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ "እህህ" እያሉ። ነፍሴ ተመለሰች። ከጎናቸው አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ቆሟል፣ አንገቱ ላይ የስፖርት አስተማሪዎች የሚይዟት ዓይነት ሰዓት ተንጠልጥላለች። አወቅኩት።

አቶ ዜሮ እትዬ አዋላጅን አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲያያቸው ቆይቷል። ሰዓቱን ያያል፣ እሳቸውን ያያል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል ይላሉ እሳቸው። የተማረ ሰው እንዲህ አንጀቱ ሲላወስ አይተው እንደማያውቁ ነው የሚምሉት። መጨረሻ ላይ አልቻለም። ሰዓቱን ወደ ጀርባው ወረወረ፣ ጎንበስ አለ፣ እትዬ አዋላጅን እንደ ሙሽራ አቅፎ ብድግ አደረጋቸውና አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

"አይዞዎት፣ እናቴ" አላቸው። "ከዛሬ በኋላ እንዲህ አይሰቃዩም።"

ይህን ከላይ ሆኜ አየሁ። ደረጃው ባዶ ሆነ። በሩ ላይ ማንም የለም። ከበታቼ ገና ሠላሳ ሁለት ደረጃ አለ።

ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፤ በሕይወቴ ቆሜ አላውቅም። ከኋላዬ ያሉት እየገፉኝ አለፉ። የድልድዩን ብረት ያዝኩና ልጄን አሰብኳት፤ ቦርሳዋን አዝላ፣ የተቆለፈ በር ፊት። በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ።

በሩ አልተዘጋም። የሹፌሩ በር ነው የተከፈተው። ደቂቃ ወረደ። ኮፍያውን አስተካከለ፣ በአውቶቡሱ አፍንጫ ዞሮ መጣ፣ ተሳፋሪ በሚገባበት በር አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈ፣ አንዱን መሬት ላይ ተወው፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

ከዚያ በኋላ እግሬ መቼ መሮጥ እንደጀመረ አላስታውስም። ሥር ስደርስ ጭቅጭቁ ደርቷል።

"ምን እያደረግክ ነው?" ይላል አቶ ዜሮ።

"እየተሳፈርኩ ነው።"

"አንተ ሹፌር ነህ!"

"ሹፌር አይሳፈርም የሚል አንቀጽ ካለ ያሳዩኝ።" መጽሐፏን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። "እዚህ ጋ 'የአንድ ሰው እግር' ነው የሚለው። እኔ ሰው ነኝ።"

"ከሥራህ ትጠየቅበታለህ!"

"ያለ ጥርጥር። ሰዓቱን በትክክል ይያዙት፣ እባክዎ።"

አቶ ዜሮ ሰዓቱን ሊያይ ሲጎነበስ ከድልድዩ ሃያ ሰው ወረደበት። ካውያ ተኳሽ፣ የባንክ ጥበቃ፣ ተማሪ፣ ነርስ፣ ሁሉም ላብ በላብ፣ ሁሉም እያለከለከ። በግራ በቀኝ እየገፋን አለፍነው፣ መጨረሻ ላይ መሐላችን ገብቶ ከእኛው ጋር ተጠርጎ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። ደቂቃ እግሩን አነሳ፣ ወደ መሪው ተመለሰ፣ በሩ ተዘጋ። መዶሻውን የመታው አልነበረም፤ ጫማ ሰፊው አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር።

"እነዚህ ሁሉ ሰዎች ከየት መጡ?" አለኝ አቶ ዜሮ፣ ፊቴ ላይ ተጣብቆ። አላወቀኝም።

"ከነጥቧ ውስጥ" አልኩት።

ከዚያ ቀስ በቀስ ፊቱ ተለወጠ፤ በእርሳስ የጻፈው ያ መስመር ትዝ እያለው መጣ። ሁሉንም እዚያው ዘረገፍኩለት። ድልድዩን፣ ማቆያውን፣ አርባ ደቂቃውን፣ የእትዬ አዋላጅን ጉልበት ጭምር። እሳቸውም ከወንበራቸው ላይ ሆነው "ይቅርታ ልጄ፣ እንዳንተ አድርጎ ያቀፈኝ ግን የለም" አሉት። አቶ ዜሮ በመጨረሻ ያለው አንድ ነገር ነው።

"ከአሥር ወደ ሩብ ባመጣው እኮ… የመጠበቂያ ጊዜው አምስት ደቂቃ ይሆናል።" ድምፁ ተሰበረ። "ዜሮዋ ትጠፋለች።"

ማልቀስ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፣ አሳዘነኝ ግን። ዜሮ በማምጣት የተሸለመ ሰው በእጁ አጥፋት ሲባል ቀላል አይደለም።

ማቆያው ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ነበር። ዳይሬክተሯ ቁልፉን ይዛ በረንዳው ላይ ወጥታለች። ልጄ "እማዬ፣ ፊትሽ ቀልቷል" አለችኝ። አቅፌ አልለቅም አልኳት፤ ጎኔን አመመኝ ብላ ጮኸች።

አቶ ዜሮ በማግስቱ ከፈጣኑ ወርዶ ድልድዩን በእግሩ ተሻገረ። ስድሳ አራቱን ደረጃ ጮክ ብሎ እየቆጠረ። ሥር ሲደርስ ሰዓቷ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ትላለች፣ እሱን ደግሞ የተከሉልን አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘርግቶ እትዬ አዋላጅ በመሐረባቸው ያናፍሱት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፌርማታው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "በዚህ መገናኛ የመጠበቂያ ጊዜ ከዜሮ ወደ አምስት ደቂቃ ከፍ ያለ መሆኑን እየገለጽን፣ በአገልግሎቱ ላይ ለተፈጠረው መጓደል ክቡራን ደንበኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።" ሕዝቡ እያነበበ አጨበጨበ። ጡረታ የወጡት መምህር ሦስቴ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ማንም ሳያዛቸው።

የሐሙሱን ነገር ግን አቶ ዜሮ አልደበቀም። እንደታዘዘው ሰዓቱን በትክክል ይዞ ነበር፤ ሪፖርቱ ላይ ጻፈው። ደቂቃ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የመጀመሪያውን ቀይ ምልክት አገኘ። ወረቀቷን አጥፎ ደንቧ መጽሐፍ ውስጥ እንዳስገባት ጫማ ሰፊው ነገረኝ።

አዲሱ ሰሌዳ በጀመረበት ቀን ድልድዩን ቀስ ብዬ ወረድኩ። አሥራ አራት ቁጥር በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ውስጡ ገና ባዶ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ይቀረናል። ሄጄ ከሹፌሩ ጎን ቆምኩ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም፣ ማናገር ይቻላል።

"ወንድሜ፣ ለምን አደረግከው?" አልኩት። "ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ።"

መሪውን በጨርቅ ያብስ ነበር። ማበሱን አላቆመም።

"ስትሮጡማ ሁልጊዜ አያችኋለሁ" አለ። "በመስታወቱ። ድልድዩ በሙሉ ይታያል፣ ሁላችሁም ትታያላችሁ። የሚሮጥ ሰው ትቶ መሄድ ይለመዳል፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ነገ ደግሞ ይሮጣል ትያለሽ።" ጨርቁን አጥፎ ከወንበሩ ሥር ከተተ። "ያን ቀን አንቺ ቆምሽ።"

ሄጄ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እያወሩ ገቡ፣ አንዱም አላለከለከም። ልክ ሩብ ሲሆን በሩ ተዘጋና ተነሳን።